ስልሳ አራት ሎሚ

ዴልፍት፣ ከቦዩ ሥር፣ በምድር ቤት ጓዳ፣
አንድ ሣጥን ነበረን፣ የገዛነው በዕዳ።
ሥራው ባሕር ማስላት፣
ማዕበል ሳይመጣ ቁመቱን መለካት።
ሰኞ ማታ መጣ ስለ ማዕበሉ ቃል፦
"ማክሰኞ ለረቡዕ ሊነጋ ሲል ይደርሳል።"
ሣጥኑን ጠየቅን፤
"ሐሙስ እጨርሳለሁ" ብሎ መለሰልን።
ነገን ሊተነብይ ከነገ ወዲያ መጥቶ፤
ውሻ እንደሚጮኸው ጅቡ ሄዶ፣ ነግቶ።

ቪትስከ ብቅ አለች ካርቶን ተሸክማ፣
ጸጉሯ ዝናብ ያዘለ፣ ብስክሌቷን አቁማ።
ሁለት ፕሮሰሰሮች ባንድ ሰሌዳ አድረው፣
ሠላሳ ሁለት ኮር በየሆዳቸው ይዘው።
ቅባት ቀባናቸው እንደ ሕፃን አናት፣
ማራገቢያ ጫንን፣ ሳይመጣ ትኩሳት።
እኔም አንድ ተረት፣ እየሣቅሁ በኩራት፣
ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጥሁላት፦
ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ጌጡ።
"እኛ ስልሳ አራት አለን" አለች፤ "በል አብራው፣ ይሩጡ!"

አልሮጡም።

ሐሙስ የነበረው ቀጠሮ፣ ጭራሽ ዓርብ ሆነ፤
ሣጥኑ አገሳ፣ ስሌቱ መነመነ።
ቆይቶ ገባኝ፤ ስልሳ አራት ሰው ለሥራ ጠርቼ
አንዲት ቢላ ነው የሰጠሁ፣ ሌላውን ረስቼ።
አንዱ ቢላዋን ሲይዝ፣ ስልሳ ሦስቱ ቆሞ፣
"ጨረስህ?" እያለ፣ "ጨረስህ?" ደግሞ ደጋግሞ፤
አንዱ ከሜሞሪው አንድ ቁጥር ሲቆነጥር፣
ሌላው ያችኑ ቁጥር ሲሽር፣ ሲያድስ፣ ሲቀይር፣
የያዙትን ጥለው ዳግም ከሀ ሲጀምሩ፤
ሥራ አልነበረም ያ፤
ወረፋ ነበር በሙሉ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፎ፣ የደረቀ ዳቦ እየቆረሰች፣
ምን እንዳስታወሳት እንጃ፣ አያቷን አነሣች።
"አያቴ ኮምፒውተር ነበረ" አለች፤ "ሰው ሆኖ፣ ከነመነጽሩ፤
ዘይላንድ፣ የክትር መሥሪያ ቤት፣ አሥራ ሁለት ሆነው ሲያድሩ።
ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ቁራሽ ባሕር፣
ለእያንዳንዱ እጅ አንድ እርሳስ፣ አንድ ደብተር።
መሐል ላይ የሚሻሙበት መዝገብ አልነበረም።
ከዳር ያለውን ውሃ፣ ድንበሩን ብቻ፣ በብጣሽ ወረቀት ጽፈው
ለጎረቤት ይሰጣሉ፤ የጎረቤትንም ተቀብለው
ይቀጥላሉ። ወሬ የለም። በየሩብ ሰዓቱ ደወል።
ሄሪት ከያኮሚና ጋር የተዋወቀው በዚያች ብጣሽ ነው፤
ከውሃው ቁመት ግርጌ፣ በቀጭን እርሳስ፣ 'እሑድስ?' የምትል።
እናቴም ከዚያች ብጣሽ ናት።"

ዝም አልን።
ከዚያ ሁለታችንም ባንዴ ወደ ሰሌዳው ዘለልን።

ቢላዋን ጣልናት። ባሕሩን ስልሳ አራት ቦታ ቆረስን፤
ለየኮሩ ድርሻውን፣ ከራሱ ሜሞሪ አጠገብ አኖርን፤
ጎረቤትና ጎረቤት ድንበር ድንበሩን ብቻ
እንዲቀባበል አደረግን፣ በየደወሉ ብቻ።
ለቀቅናቸው።
ክፍሉ ሞቀ፤ የረጠበ ጫማችን ደረቀ፤
ዓርብ ወደ ሐሙስ፣ ሐሙስ ወደ ረቡዕ ዘለቀ፤
ረቡዕ ማክሰኞ ገባ፤ ማክሰኞም ገና ጎሕ ሳይቀድ
ውሃው በመስኮቱ ላይ ነበር፣ በቁጥር ሲወጣ፣ ሲወርድ።

ቪትስከ ለክትሩ ዘበኛ ደወለች፦ "አራት ሜትር ከአሥር።"
"ክትሩ አራት ከሠላሳ ነው" አለ፣ እያዛጋ፤ "ቢሆንም ጆንያ አወጣለሁ፣ አሸዋም ልደርድር።"
ሃያ ሳንቲ ሜትር። አንድ ስንዝር።
በስንዝር ልዩነት ብስክሌቷን ይዛ ልትተኛ ሄደች።

ስልሳ ሦስቱ ጨርሰው ዝም አሉ። አንዱ ቀረ፤
ውጤቱን ወደ ዲስክ፣ ብቻውን፣ ቀስ እያለ እየቋጠረ።
ይህን ማካፈል አይቻልም፤ ሞክረናል።
ለማንም ጌጥ የማይሆን አንድ ሎሚ መቼም ይተርፋል።
መብራቱን ላጠፋ ተነሥቼ ነበር፤ ተውሁት።
ወንበሬን ስቤ
እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀመጥሁ።